በጥቁር ናስትሮ የተከበበች አክስቴ

ሃያ ሦስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ቆዳ ያለው ሰው ስዬ አላውቅም። ጉበት ስያለሁ። ኩላሊት፣ ሳንባ፣ ትልቁንና ትንሹን አንጀት፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ልብ፣ በጀርባዋ ተንጋልላ ሆዷ የተከፈተ እንቁራሪት ስያለሁ። ሮቢት ላይ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ነበርኩ። ደመወዜ የመምህር ሆኖ ኩራቴ ግን የሠዓሊ ነበር። የማዳበሪያ ጆንያ ተርትሬ፣ ነጭ ቀለም ቀብቼ፣ የሰውን ልጅ የምግብ መፈጨት ሥርዓት በላዩ የሠራሁ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ክፍሌ ድረስ መጡና "ይሄማ ሊተነፍስ ምንም አልቀረው!" አሉኝ። አንጀት እንደማይተነፍስ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ቢሆንም ምስጋናዋን ዋጥ አደረግኳት። ከዚያ ወዲያ ከጎብዬ እስከ ዋጃ ያሉ ትምህርት ቤቶች እየላኩብኝ ጆንያ ስቀባ ኖርኩ። ከእያንዳንዱ ጨጓራ ሥር ስሜን እጽፍና ከስሜ በፊት "ሠዓሊ" እላለሁ። ማንም አልሾመኝም፤ ራሴን በራሴ ነው የሾምኩት።

ታዲያ አንድ ቀን ለሥራ ጉዳይ ቆቦ ሄጄ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት አየሁ። አዲስ አበባ የሚገኝ የሥዕል ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሊቀበል ነው። አመልካቹ ራሱ የሠራቸውን አሥር ሥዕሎች ይዞ በአካል ይቅረብ ይላል። ዕድሜው ከሃያ አራት ዓመት በታች ይሁን ይላል። ቀኑ ሊደርስ አንድ ወር ከምናምን ቀርቶታል። እኔ ደግሞ በዚያው ክረምት ሃያ አራት ልደፍን ነው። ይቺ ካመለጠችኝ እስከ ጡረታዬ ኩላሊት ስስል ልኖር ነው ማለት ነው። "አሥር ብቻ?" ብዬ ግን ብቻዬን ሳቅሁ። ቤቴ ውስጥ አርባ ጆንያ ነበረኝ።

ቆቦ አባቴ ግቢ ውስጥ አንድ የመስኖ መሐንዲስ ተከራይቶ ይኖር ነበር። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ በወጣትነቱ ያንኑ ትምህርት ቤት በማታ የተማረ፣ ከዚያ "እንጀራ አይሆንም" ብሎ የተወ ሰው ነው። ጆንያዎቼን በአህያ ጭነት ልክ ተሸክሜ መጣሁና ግቢው ውስጥ አንድ በአንድ ዘረጋሁለት። ዶሮዎቹ አንጀቱ ላይ ወጥተው እየተራመዱ እሱ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ዞረ፣ ዞረ።

"ሰው የለህም?" አለኝ በመጨረሻ።

"ይሄ ሁሉ ምንድነው ታዲያ?"

"ያልተቀደደ ሰው ማለቴ ነው።"

እናቴ ከጓዳ ሆና ሳቀች። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። መሐንዲሱ ደግ ሰው ስለሆነ ብዙም አላሾፈብኝም። "አንድ ሰው ፊትህ አስቀምጥና ያየኸውን ሣል። የምታውቀውን አይደለም፣ ያየኸውን" አለኝ። ቀጫጭን ጭራሮ ጣሳ ውስጥ አሽጌ እሳት ውስጥ ብከተው ጥሩ የመሳያ ከሰል እንደሚወጣው አሳየኝ። ለወረቀት ደግሞ ጤና ጣቢያ ለሥልጠና ያመጡትን የፍሊፕ ቻርት ትራፊ ለምኜ አመጣሁ። ከበስተጀርባው "የሥልጠናው ዓላማ" ተብሎ በማርከር የተጻፈበት ነው። እኔም "ይሄማ የኔም ዓላማ ነው" እያልኩ ተሸክሜው ሮቢት ገባሁ።

መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ አስቀመጥኩ። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ገና ከሰሉን ሳላነሳ "በል ጥርሴን አሟላልኝ" አሉኝ። የፊት ሁለት ጥርሳቸው የለም። መሐንዲሱ ያየኸውን ብቻ ብሎኛል። ግን ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፣ እኔም ያደግሁት ሽማግሌ ሲያዝ እሺ እያልኩ ነው። አሟላሁላቸው። "ጠብመንጃም አስይዘኝ" አሉ። እጃቸው ላይ ያለው ዱላ ነበር፤ ዱላዋን ጠብመንጃ አደረግኳት። በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ መጡና ሥዕላቸው ላይ ከረባት አሠሩኝ፤ እድሜ ልካቸውን ከረባት አስረው አያውቁም። አንዱ ገበሬ "አንገቴን ወፈር አድርገው፣ ከስቻለሁ ብለው ጠላቶቼ ደስ እንዳይላቸው" አለኝ። አወፈርኩለት። የዳቦ ቤቷ ባለቤት አፍንጫዋን እንዳሳጥር ለመነችኝ። ሌላው በሬውን ከጎኑ እንድጨምርለት ጠየቀኝና በሬውን ስጨርስ ለሱ ቦታ አጣሁ።

ሃያ ቀን እንዲህ አለቀ። ስምንት ሥዕል ጠቅልዬ ለመሐንዲሱ ወስጄ ስዘረጋለት አንገቱን ነቀነቀ።

"የአንድ እናት ልጆች ናቸው?" አለኝ።

ሳይ እውነቱን ነው። ሁሉም ጥርሰ ሙሉ፣ ሁሉም ወፍራም፣ ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አፍንጫ ያላቸው ሆነዋል። ሮቢት ውስጥ አንድም እንዲህ ያለ ሰው የለም። በንዴት ስምንቱንም ሰብስቤ ለእናቴ እሳት ማቀጣጠያ ሰጠኋት። እሷም የርዕሰ መምህሩን ከረባት ከሁሉ አስቀድማ ማገደችው።

የቀረኝ ሁለት ሳምንት አይሞላም። አባቴ በወባ ተይዞ አልጋ ላይ ነበር፤ በጋቢ ተጠቅልሎ እየተንቀጠቀጠ "እህቴ ጋ ሂድ" አለኝ። ታላቅ እህቱ ጎብዬ ገበያ ላይ ማሽላ ትሸጣለች። "እሷ ከጠዋት እስከ ማታ ከአንድ ቦታ አትነቃነቅም። ደግሞ እንዲህ አርገኝ እንዲያ አርገኝ የምትልበት ጊዜም የላት" አለኝ። ሥዕል አያውቅም፤ እህቱን ግን ያውቃል።

አክስቴ ባሏ ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ልጅም የላትም። ጆንያዋን ፊቷ ዘርግታ፣ ጣሳዋን እላዩ ተክላ፣ ፀሐይዋን በነጠላዋ እየከለለች ትውላለች። ልስልሽ ነው ስላት ቀና ብላም አላየችኝ።

"ለምንህ ነው?"

"ለትምህርት።"

"እንዳሻህ። ብቻ ገዢ እንዳትከልልብኝ ወደዚያ ፈንጠር በል።"

ፈንጠር ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ከሷ ጋር ገበያ ዋልኩ፤ እቤቷ አደርኩ። የመጀመሪያውን ቀን እጄ እስኪፈታ ትንንሾቹን ሠራሁ፤ አህያ፣ የጆንያ ክምር፣ የአንዲት ሴት ጀርባ፣ ግመል የሚጎትት የአፋር ነጋዴ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ሞላ። በሁለተኛው ቀን ትልቁን ወረቀት ካርቶን ላይ ወጥሬ ፊቷን ጀመርኩ። ምን እንደነካኝ አላውቅም። እሷ እንደሆነ አታየኝም፣ አታዘኝም፣ ሳልከኝ ወይም አትልም። ከገዢ ጋር ትከራከራለች፣ ትሰፍራለች፣ ዝም ትላለች። ዝም ስትል ፊቷ ላይ የሚመጣ ነገር ነበር፤ እሱኑ እየጠበቅሁ ሠራሁት። ማታ ላይ ቆሜ ሳየው ደነገጥኩ። ጉበትም ከረባትም የሌለበት፣ አክስቴ ራሷ ነበረች። እቅፍ አድርጌ ልስመው ምንም አልቀረኝም። እሷ ግን ጆንያዋን እየቋጠረች "ጨረስክ? በል ይሄንን አሸክመኝ" ብቻ አለች። ዞር ብላም አላየችው።

ሥዕሉ ግን አንድ ነገር ጎድሎት ነበር። ከሰሉ እንዳይራገፍ የሚረጭበት ነገር አጣሁ፤ ስለዚህ የሰው እጅ ሊነካው አይገባም። ወረቀቱም ጠርዝ ጠርዙ ይተለተላል። ጧት ለአንድ አናጢ ሰጠሁትና በጣውላ ወጠረልኝ፣ ጠርዙን ደግሞ ዙሪያውን በናስትሮ አሸገልኝ። ነጭ ናስትሮ አልነበረውም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ጥቁሩ ነው ያለው። "ጥቁር ያምርበታል፣ ሙሉ ያደርገዋል" አለኝ። እኔም አዋቂ መስዬ ራቅ ብዬ አየሁትና "እውነትህን ነው" አልኩት። የእኛ አገር ሰው ጥቁር ጠርዝ ያለው ትልቅ ምስል የት እንደሚያይ አንዳችንም ትዝ አላለንም። እሱ አናጢ ነው፣ ይሁን። እኔ ግን ስንት ለቅሶ ቤት ውስጥ የሟች ፎቶ ወንበር ላይ ተደግፎ እያየሁ ንፍሮ የቆረጠምኩ ሰው ነኝ።

ከአክስቴ ጋር ቁርስ በልተን፣ እሷ ወደ ገበያዋ እኔ ወደ መንገድ ተለያየን። አይሱዙ ላይ ተሳፈርኩ። ሥዕሉ እንዳይነካካ ማስተኛት አይቻልም፤ ደረቴ ላይ አቁሜ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሬ ታቀፍኩት። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ነጠላዬን ተከናነብኩ። ስከናነብ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሯል፤ ሰው ሲሞትበት እንደሚያዘቀዝቀው ማለት ነው። ዓይኔ ከአቧራው ቀልቷል፣ ጉንጬ ላይ ከሰል አለ። አብሮኝ የተጫነው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። አንዲት እናትማ ከንፈራቸውን መጠጡና "አይዞህ ልጄ" አሉኝ። እኔ ደግሞ "የጥበብ ሰው ሲያዩ እንዴት ያከብራሉ!" ብዬ ልቤ አበጠ።

ሮቢት ስደርስ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ የምትሸጥ የአባቴ የክርስትና ልጅ አለች፤ ከሩቅ አየችኝ። ሥዕሉን አየች፣ ናስትሮውን አየች፣ ነጠላዬን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ በአንገቴ ሰላም አልኳትና አለፍኩ። አልጠየቀችኝም። እዚህ አገር ሐዘን ላይ ያለን ሰው መንገድ ላይ አስቁመህ "ማን ሞተብህ?" አትለውም። ደግሞ ነገሩ ሁሉ በራሱ የተሟላ ነበር። አባቴ ታሟል፤ ለታመመ ሰው የእህቱ ሞት አይነገረውም። እኔ ሁለት ቀን ጎብዬ ከርሜያለሁ። ስለዚህ ተቀብራለች ማለት ነው፤ አባቴን ደብቀውታል ማለት ነው፤ አሁን ልጁ ምስሏን ይዞ ሊያረዳው እየሄደ ነው ማለት ነው። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ማመልከቻዬን ስጽፍ፣ ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ስጠይቅ፣ ምሳዬን ስበላ፣ እሷ ሻይዋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ በቀጣዩ መኪና ቆቦ ገብታ እድሩን ቀስቅሳለች።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቆቦ እኛ ሰፈር ስደርስ የእድሩ ድንኳን አባቴ ደጃፍ ተተክሏል። "አባዬ!" ብዬ መጮህ ስጀምር ከውስጥ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ፤ "እህቴን! እህት ዓለሜን!" እያለ ነው። እንግዲህ ይሄን ስጽፍ ማፈሬን ልናገር። ከጧት አብሬያት ቁርስ የበላሁትን ሴት አለቀስኩላት። እኔ ሮቢት ስንከራተት ሞታ፣ በስልክ ተነግሯቸው፣ እኔን ቀድሞኝ ወሬው ደርሷል ብዬ አመንኩ። ይሄን ሁሉ ሰው ምን ያስዋሸዋል? ድንኳኑን በእንባ ገባሁ። ሥዕሉ ፊት ፊቴን ይሄዳል። ሕዝቡ ሲያየው ያልነበረ ጩኸት ተጨመረ።

"ልክ እሷን! ወይኔ ልክ እሷን!"

ከእጄ ነጥቀው ወንበር ላይ አቆሙት። አልቃሿ ተነስታ ደረቷን እየመታች ፊቱ ቆመች፤

"ማን ይስፈርልን ማሽላ፣ ማን ይሙላልን ጣሳ፣
እሷስ ተኝታ ቀረች፣ ገበያው ሁሉ ሲነሳ።"

ሴቶቹ አነቡ፣ ወንዶቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጎረቤታችን የነበሩ ሼህ "ኢና ሊላሂ" ብለው ሥዕሉን ትክ ብለው አዩትና "ሱብሃነላህ፣ ልትናገር ነው እኮ!" አሉ። እኔም እያለቀስኩ ነበር፤ ግን አንድ ጆሮዬ አያለቅስም ነበር። አንድ ጆሮዬ "ልክ እሷን" የሚለውን ይቆጥራል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሥዕሌ ፊት ቆሞ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ኩላሊት ማን ያለቅስለታል? አክስቴ ሞታ፣ እኔ ልቤ ውስጥ "ገባሁ፣ ትምህርት ቤቱ ገባሁ" እላለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

ከዚያ አባቴን በሁለት ሰው ደግፈው አመጡት። ወባው ጨርሶ አልለቀቀውም፣ ከጋቢው ውስጥ አጥንት ብቻ ነው የቀረው። ወንበሩ ፊት ሲደርስ ደጋፊዎቹን ገፋቸው። ተንበረከከ። እኛ ቤት ወንድም የእህቱን ፊት አይዳስስም፤ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው፣ ደህና ነሽ ደህና ነህ ተባብለው ይለያያሉ። እሱ ግን ቀኝ መዳፉን ዘርግቶ ጉንጯ ላይ አሳረፈው። ከዓይኗ ሥር ጀምሮ እስከ አገጯ ቀስ ብሎ አሻት። ደግሞ አሻት።

እኔ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ለአክስቴ የጮህኩ መስሎት "አይዞህ፣ አይዞህ" ብሎ ያዘኝ። እኔ የጮህኩት ለከሰሉ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከውጭ አዲስ ጩኸት ተሰማ። ሩቅ ዘመድ እየመጣ ነው ብለን መንገድ ለቀቅን። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች "ወንድሜን! ጋሻዬን!" እያለች ገባች። አክስቴ ነበረች። ጎብዬ ላይ አንድ ሹፌር "ወንድምሽ ቤት ድንኳን ተተክሏል" ብሏት፣ በወባ የተኛው አባቴ ሞተ ብላ እየበረረች መምጣቷ ነው። አባቴ ከፍራሹ ቀና አለ። እሷም አየችው። አልቃሿ "በስመ አብ ወወልድ" ብላ ከድንኳኑ በኋላ በኩል ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ለሳምንት አላየናትም።

"ሞተ አሉኝ እኮ!" አለች አክስቴ።

"አንቺ ነሽ እንጂ የሞትሽው!" አላት አባቴ፣ በቁጣ።

ጉድ ፈላ። የሚስቅ አለ፣ የሚያማትብ አለ፣ የሚሰድበኝ አለ። የአባቴ የክርስትና ልጅ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት ትመርጥ ነበር። ሁሉም ዞሮ ዞሮ እኔን አየኝ፤ እኔ ናስትሮውን አየሁ። አክስቴ በዚህ ሁሉ ግርግር መሐል ወንበሩን አየችው። ቀረብ አለች። ሁለት ቀን ሙሉ ዞር ብላ ያላየችውን ሥዕል ጎንበስ ብላ አየች፣ አየች።

"ይቺ እኔ ነኝ?"

"አዎ፣ እትዬ" አልኳት።

"ደክሞኛል ለካ።" ወደ አባቴ ዞረች። "እንዲህ ደክሞኝ ሳለ እንዴት አንድ ቀን እንኳ አትነግረኝም?"

አባቴ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ።

የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ነገሩን ወደ ሥርዓት መለሱት። በቁሟ የተለቀሰባት ሰው ምስል ቤት ውስጥ አይቀመጥም፣ ሟርት ነው፣ አሁኑኑ ይቃጠል አሉ። ሽማግሌው ሁሉ "ይቃጠል" አለ። ለሀገሩ ሰው ወረቀት ነው፤ ለእኔ ዕድሜዬ ነው። የመቅረቢያው ቀን ሊደርስ ስምንት ቀን ቀርቶታል፣ ሌሎቹ ዘጠኙ ደግሞ አህያና ጆንያ ናቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል አክስቴ ቀደመችኝ።

"ለምን ይቃጠላል? ፊቴ አይደል?" አለች። "ልጁ አዲስ አበባ ይሄድ የለ? ሞቴን ይዞልኝ ይሂድ። እዚያ ይጣልልኝ።" ሼሁ ሳቁና "ይሄ ፍርድ ነው!" አሉ። ከዚያ አክስቴ ተቀምጣ የራሷን የለቅሶ ንፍሮ ስትበላ አመሸች። ማሽላዋን ማን እንደሰፈረው ግን ደጋግማ ጠየቀች፤ ግጥሙን አንዱ ነግሯት ነበር።

ሰው ሲበተን ሥዕሉን ብርሃን ላይ አወጣሁት። ግራ ጉንጯ ጠፍቷል። ሁለት ቀን የለፋሁበት፣ መስመር በመስመር የሠራሁት ጉንጭ፣ የአባቴ መዳፍ ካለፈበት ወዲህ አንድ ረዘም ያለ ግራጫ ጭጋግ ሆኗል። ላስተካክለው የዳቦ ፍርፋሪ እንደ ላጲስ ይዤ ሦስት ቀን ሞከርኩ። ባሰ እንጂ አልተሻለም፤ ፈርቼ ተውኩት። ዳቦውን ሳሻሽ አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ ያየኝ ነበር። አንድም ቃል አልተናገርኩትም። ምግብ ሲቀርብ አብሬው አልቀርብም፣ ሲጠራኝ ዘግይቼ አቤት እላለሁ። ያኮረፈ ልጅ የሚሆነውን ሁሉ ሆንኩ። አዲስ አበባ ስሄድም ጉልበቱን ስሜ ወጣሁ እንጂ ዓይኑን አላየሁትም።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሦስት መምህራን ረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። አህያዋን አይተው አለፉ። የጆንያውን ክምር አይተው አለፉ። ግመሉ ላይ አንደኛው አዛጋ። ዘጠኙ ሥዕል ሻይ እስኪቀዳ ድረስ እንኳ አልቆየም። አሥረኛውን፣ ናስትሮውን ነቅዬ ከነጣውላው ታቅፌ ያመጣሁትን፣ ሳቆም መሐል ያሉት ሽማግሌ መምህር መነጽራቸውን አደረጉ። ተነስተው ዞረው መጡ። ጣታቸውን ሳያስነኩ ግራ ጉንጯ ላይ አመለከቱ።

"ይሄን በምን ሠራኸው?"

"በእጅ" አልኩ። ይሄ እንኳ ውሸት አይደለም።

"በመዳፍ?"

"አዎ።"

"ሆን ብለህ?"

መልሱ ከአፌ የወጣው ሳላስብ ነው። "ሆን ብዬ ነው" አልኳቸው።

ወደ ሌሎቹ ዞሩ። "ሌላውን ይማረዋል" አሉ። "ፊቷን ሁሉ ሲጨነቅበት ሲያጠብቀው ቆይቶ እዚህች ጋ እጁን ለቀቀው። ይህቺን ማንም አያስተምረውም።" ከዚያ የቀሩት ሁለቱም ተነስተው መጥተው አዩ። እኔ አንገቴን ሰብሬ፣ ትሁት መስዬ፣ የሰው እጅ ለብሼ ቆሜያለሁ። ከሦስት ቀን በኋላ ሰሌዳው ላይ ስሜን አገኘሁት።

ቆቦ ስመለስ አባቴ ድኗል። በር ላይ በርጩማ አውጥቶ፣ በጋቢው ተጠቅልሎ ፀሐይ ይሞቃል። ማለፌን ነገርኩት። "እሰይ!" አለ፣ ግን ፊቱ አልፈታም። ሰውዬው አንድ ነገር ሊጠይቀኝ ፈልጎ ወዲያ ወዲህ አለ። ስለ መንገዱ ጠየቀኝ፣ ስለ ከተማው ብርድ ጠየቀኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"እንትን... ያቺ ጉንጯ ላይ ያበላሸሁብህ... አላዩብህም?" አለኝ።

ለካ ያን ሁሉ ቀን ልጄን ጣልኩት እያለ ነው የሰነበተው። እውነቱ አፌ ጫፍ ላይ ነበር፤ አባዬ፣ እኔን ያሳለፈችኝ እሷ ናት፣ ሌላውን አላዩትም፣ ያንተን እጅ ነው ቆመው ያዩት ማለት ብቻ ነበር። ሁለት ትንፋሽ አይፈጅም። ግን እሱን ካልኩት ሠዓሊው እሱ ሊሆን ነው። እኔ ደግሞ ሠዓሊ ለመባል ስንት ጨጓራ ሥር ፈርሜያለሁ።

"አላዩትም፣ አባዬ" አልኩት።

"ተመስገን!" አለ። ትከሻው ሲወርድ አየሁት፤ ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። ከዚያ ቀኝ እጁን ከጋቢው ሥር አወጣና ዘረጋልኝ። "በል እንኳን ደስ ያለህ" አለኝ። እኔም ያን እጅ ጨበጥኩት።